ከመጫን በፊት ማየት፦ ለጀማሪዎች የፎቶግራፍ ቅንብር መሠረታዊ ነጥቦች

አንድ አርሶ አደር በስንዴ ማሳው መካከል ቆሟል እንበል። በቅጠሉ ላይ ትናንት ያልነበረ ቢጫ ነገር አይቷል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዕለቱ ሌላ ጎጥ ውስጥ ነው፤ እስኪመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። አርሶ አደሩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና ይልካል። ባለሙያው የደረሰውን ምስል ሲከፍት የሚያገኘው ግን ሰፊ አረንጓዴ ማሳ፣ ግማሽ ሰማይ እና የአንሺውን ጥላ ነው። ቢጫው ነገር በፎቶው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን አይታይም። የስንዴ ዋግን የመሰለ በሽታ በነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ በሚዛመትበት ወቅት ሁለት ቀን ብዙ ነው።

በከተማም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። አንዲት እናት ከዚህ ዓለም በሞት ይለያሉ። ልጆቻቸው ለመታሰቢያ የሚኾን ፎቶ ሲፈልጉ የሚያገኙት በአንድ ሠርግ ላይ ብዙ ሰው ሰብስቦ ከተነሳ ፎቶ ተቆርጦ የሚወጣ፣ ዐይናቸው በጥላ የተሸፈነ ብዥ ያለ ምስል ብቻ ይኾናል። በዚያ ቤት ውስጥ ካሜራ ያላቸው ስልኮች ለዓመታት ነበሩ። የጎደለው መሣሪያው ሳይኾን መሣሪያውን የመጠቀም ጥቂት ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት የፎቶግራፍ ቅንብር ይባላል። ቅንብር ማለት በፎቶው አራት ማዕዘን ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚቀር እና የገባው ነገር የት ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። ውድ ካሜራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከመጫን በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅን ነው፤ "በዚህ ስፍራ ያልነበረ ሰው ከዚህ ፎቶ ምን ማየት አለበት?"

ማሰብ የቀረበት ምክንያት

እ.ኤ.አ በ1820ዎቹ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኒሴፎር ኒዬፕስ ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ትዕይንት በብረት ሰሌዳ ላይ ለማስቀረት ብዙ ሰዓታት መጠበቅ ነበረበት። ወደ ኢትዮጵያም ፎቶግራፍ የገባው በዚያው ምዕተ ዓመት ውስጥ ነው። በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እና ልጆቻቸው በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ታውቀዋል።

በእነዚያ ጊዜያት አንድ ፎቶ ማንሳት ድካምና ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በየከተማው የነበሩ የፎቶ ቤቶች ባለሙያዎችም ቢኾኑ ፊልሙ ውድ ስለነበር የወንበሩን ቦታ፣ የመጋረጃውን ቀለም፣ የተነሺውን አንገት ሳያስተካክሉ አይጫኑም። ዛሬ በአንድ ደቂቃ ሃያ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ዋጋም የለውም። ዋጋው ሲቀር ግን አብሮት ማሰቡም ቀረ። ቅንብርን መማር በአብዛኛው ያንን የቀረውን ማሰብ መልሶ ማምጣት ነው።

አንድ ፎቶ፣ አንድ ጉዳይ

የጀማሪዎች የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም ነገር በአንድ ፎቶ ውስጥ ለማስገባት መሞከር ነው። የጥምቀት በዓል ላይ ታቦቱን፣ ካህናቱን፣ ሕዝቡን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን እና የሚያውቁትን ሰው በአንድ ላይ ለመያዝ ሲሞክሩ ሁሉም ያንሳል፤ ማንም አይታይም። የዐይን ባሕርይ ከካሜራ ባሕርይ ይለያል። ሰው በቦታው ሲቆም ዐይኑ የፈለገውን መርጦ ያያል፤ የቀረውን ይተወዋል። ካሜራ ግን መምረጥ አይችልም። ስለዚህ መምረጡ የአንሺው ድርሻ ነው።

ለመምረጥ ቀላሉ መንገድ መቅረብ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ቆሞ በስልኩ ስክሪን ላይ በሁለት ጣቱ ምስሉን ይለጥጣል። ነገር ግን ምስሉ ከልክ በላይ ሲለጠጥ አብዛኞቹ ስልኮች ተጨማሪ ነገር አያዩም፤ ያዩትን ቆርጠው ያሰፉታል እንጂ። ውጤቱም የደበዘዘ ፎቶ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደፊት መራመድ ከዚህ ይሻላል።

የሰውን ፊት ለብቻው ሲያነሱ ግን መቅረብም ልክ አለው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ቦታ እንዲያይ ተደርጎ ስለሚሠራ በጣም ሲጠጉት ለእርሱ የቀረበውን ነገር ያገዝፋል። አፍንጫ ይተልቃል፤ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ማንሳት እና ትርፉን በኋላ መቁረጥ የፊትን መልክ ይጠብቃል።

የሲሶ ሕግ

ጀማሪ አንሺ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ መሐል ላይ ያደርጋል። ይህ ስህተት ባይኾንም ሁሉም ፎቶ እንዲሁ ሲኾን ይሰለቻል። ሠዓሊዎች ከፎቶግራፍ በፊት ጀምሮ ሌላ ዘዴ ያውቁ ነበር። እንግሊዛዊው ሠዓሊ እና ቅርጽ አውጪ ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ ትዕይንትን በአንድ ሦስተኛ እና በሁለት ሦስተኛ መክፈል እኩል ከመክፈል እንደሚሻል ጽፏል።

አንድ ሦስተኛን በአማርኛ ሲሶ እንለዋለን፤ ቃሉ ምርት መካፈልን ለሚያውቅ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የሲሶ ሕግ እንዲህ ነው፦ የፎቶው ስፋት በሁለት ቋሚ መስመሮች ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ቁመቱም በሁለት አግዳሚ መስመሮች እንዲሁ። ዋናው ነገር ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ፣ ከኾነም ሁለት መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ይቀመጣል። በአብዛኞቹ ስልኮች የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ እነዚህን መስመሮች በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ምርጫ አለ። ጀማሪ ሰው ይህንን ከፍቶ ቢተወው ዐይኑ ሳያስበው ይለምዳል።

ሕጉ በተለይ ለአድማስ ይጠቅማል። የጣና ሐይቅን ከባሕር ዳር ዳርቻ የሚያነሳ ሰው ሰማዩን እና ውኃውን እኩል ከከፈላቸው ተመልካቹ የትኛውን እንደሚያይ ይቸገራል። የምሽቱ ደመና የሚያምር ከኾነ ሰማዩ ሁለት እጅ ይውሰድ፤ የታንኳው እንቅስቃሴ የሚያስደንቅ ከኾነ ደግሞ ውኃው ሁለት እጅ ይውሰድ። በሁለቱም ጊዜ መስመሮቹ አድማሱ እንዳያዘነብል ይረዳሉ። ሐይቅ ተዳፋት ኾኖ ሲታይ ማንም ሰው ያስተውላል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኾን ደግሞ ባዶው ቦታ ከፊቱ ይተዋል። በሬ ወደ ቀኝ እያረሰ ከኾነ በግራው ሲሶ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ የሚታረሰው መሬት ይታያል። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከት ሰውም እንዲሁ ነው። ከዐይኑ ፊት ቦታ ካልተተወለት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ይመስላል።

ከኋላ ያለውን ማየት

አንሺው ትኩረቱ በሰውየው ፊት ላይ ስለኾነ ከጀርባው ያለውን አያይም። ፎቶው ሲታይ ግን ከራሱ ላይ የመብራት ምሰሶ የበቀለ ይመስላል፤ ወይም ከሙሽራዋ ትከሻ በላይ የላስቲክ ጀሪካን ይታያል። መፍትሔው ከመጫን በፊት የስክሪኑን አራት ጠርዞች በዐይን መዞር ነው። ሁለት ሰከንድ ይበቃል። የሚረብሽ ነገር ካለ ሰውየውን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ አንሺው ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ጀርባው ሁሉ ይለወጣል።

የጭቃ ግድግዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የሣር ሜዳ፣ የተዘጋ የእንጨት በር ጥሩ ጀርባዎች ናቸው። ሰውየው ከግድግዳው ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ቢቆም ጥላው ግድግዳው ላይ አያርፍም፤ ከጀርባውም ተለይቶ ይወጣል።

የቆሙበት ቦታ የሚናገረውን ይለውጣል

በላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ከላይ ከአለቱ ጠርዝ ቆሞ የሚያነሳው ሰው የጣሪያውን የመስቀል ቅርጽ ያሳያል። ወደ ታች ወርዶ ከሥሩ ቀና ብሎ የሚያነሳው ደግሞ መስቀሉን አያገኝም፤ ከአንድ አለት የተፈለፈለውን ግድግዳ ቁመት ግን ያሳያል። ሕንጻው አንድ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ሁለት ነው።

በዕለት ተዕለት ኑሮም እንዲሁ ነው። ሕፃንን ቆሞ ወደ ታች የሚያነሳ ሰው የጭንቅላቱን አናት ብቻ ያገኛል። በርከክ ብሎ በልጁ ዐይን ትክክል ሲያነሳ ግን ልጁ በራሱ ዓለም ውስጥ እንዳለ ይታያል። በመደብ ላይ የተቀመጡ አረጋዊም ከላይ ሲነሱ ያነሱ ይመስላሉ፤ በትክክላቸው ዝቅ ተብሎ ሲነሱ ግን ክብራቸው ይታያል። ለታላቅ ዝቅ ማለት በባህላችን የታወቀ ነውና ካሜራውም ያንኑ ቢያደርግ ተገቢ ነው።

የመጠን ጉዳይም አለ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወይም የሰሜን ተራሮች ገደል በፎቶ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይመስላል፤ ተመልካቹ የሚያነጻጽርበት ነገር የለውምና። በአንዱ ጥግ ላይ አንድ ሰው ቢቆም ግን ገደሉ ወዲያው እውነተኛ ግዝፈቱን ያገኛል። ወደ ሩቅ የሚሄድ መንገድ፣ የእርከን መስመር ወይም የቦይ ውኃ ከፎቶው ታችኛው ጥግ ተነስቶ ወደ ውስጥ ቢዘልቅም የተመልካቹን ዐይን ይዞ ይገባል።

ብርሃን

በባሕር ዳር አካባቢ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ እና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትክክል ትኾናለች። በሌሎቹ ወራትም ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብርሃኗ ከላይ የሚወርድ ነው። በዚህ ሰዓት የሚነሳ ሰው ዐይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ የባርኔጣው ጥላም ግማሽ ፊቱን ይሸፍናል። ፀሐይ በወጣች በመጀመሪያው ሰዓት እና ከመጥለቋ በፊት ባለው ሰዓት ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ቀለሙ ይሞቃል፤ የፊት መስመር፣ የእርሻው ትልም፣ የድንጋዩ ሸካራነት ሁሉ ጎልቶ ይወጣል።

በዓል ወይም ሠርግ ግን የፀሐይን ሰዓት አይጠብቅም። በቀትር ማንሳት ግድ ሲኾን ሰዎችን ወደ ዛፍ ወይም ወደ ቤት ጥላ ማስገባት ይገባል። ጥላው ወጥ መኾን አለበት፤ በቅጠሎች መካከል የሚያፈተልክ ብርሃን ፊትን ያዥጎረጉራል። በቤት ውስጥ ከፍላሽ ይልቅ ከበር ወይም ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ይሻላል። ተነሺው ወደ በሩ ዞሮ ሲቀመጥ ፊቱ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። የቡና ሥነ ሥርዓትን ለማንሳት ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ በሩ ከጀበናው በስተጀርባ ወይም በጎን ሲኾን የዕጣኑ ጢስ እና የቡናው እንፋሎት በብርሃኑ ውስጥ ይታያሉ።

ነጭ ልብስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሜራ በፊቱ ያለውን ብርሃን መጥኖ አማካዩን ስለሚወስድ ነጠላና ጋቢ በብዛት ባሉበት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሰዎቹ ፊትም ይጠቁራል። በአብዛኞቹ ስልኮች በስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት በጣት ነካ ማድረግ ካሜራው ብርሃኑን ለፊቱ እንዲመጥን ያዝዘዋል። የነጠላው ጥለት በብርሃን እስኪጠፋ ድረስ ካነጣው ደግሞ ብርሃኑን በጣት ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ለሥራ የሚነሳ ፎቶ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለውበት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ወደ ስንዴው ማሳ እንመለስ። ለባለሙያ የሚላክ ፎቶ አንድ ሳይኾን ሦስት መኾን አለበት። የመጀመሪያው ከርቀት የሚነሳ ነው፤ ችግሩ በማሳው ጥግ ይኹን፣ በመሐል ተበትኖ ይኹን ያሳያል። ሁለተኛው አንድን ተክል ከሥሩ እስከ ጫፉ ያሳያል። ሦስተኛው ከቅርብ የሚነሳ የቅጠሉ ወይም የአገዳው ፎቶ ነው።

ሦስተኛው ፎቶ ዋናው ነው። በጎለመሰ የስንዴ ተክል ላይ ቢጫ ዋግ የቅጠሉን ርዝመት ተከትሎ ቢጫ መስመር ይሠራል። የግንድ ዋግ ደግሞ በተለይ በአገዳው ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት የሚያወጣ ቁስል ያሳያል። በ2009 ዓ.ም በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እና በቆሎን የሚያጠቃው መጤ ተምችም የራሱ መለያ አለው። በራሱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት፣ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል። እነዚህ ምልክቶች በፎቶው ላይ ከታዩ ባለሙያው በማሳው ላይ የመገኘት ያህል ይረዳል፤ ካልታዩ ግን ይገምታል።

ለዚህም ቅጠሉን ከተክሉ ሳይቆርጡ መዳፍን ወይም ወረቀትን ከጀርባው ማድረግ፣ ስልኩን አንድ ስንዝር ያህል አቅርቦ ቅጠሉን በስክሪኑ ላይ በጣት መንካት፣ ምስሉ ጥርት እስኪል መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥርት ካላለ በጣም ተቀርቧል ማለት ነውና ጥቂት መሸሽ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ ይቀመጣል። የገዛ ጥላ ቅጠሉ ላይ እንዳያርፍም መዞር ይገባል።

ለሽያጭ የሚነሳ በሬም ሥርዓት አለው። በተስተካከለ መሬት ላይ በጎኑ ይቆማል፤ አንሺው ስልኩን ከበሬው ወገብ ትክክል ያደርጋል፤ አራቱም እግሮች፣ ሻኛው እና ቀንዱ በፎቶው ውስጥ ይገባሉ። ባለቤቱ አጠገቡ ቢቆም ገዢው ቁመቱን ይገምታል። ከላይ ወደ ታች የተነሳ በሬ እግሩ አጭር ይመስላል፤ ከአንገቱ አጠገብ የተነሳ ደግሞ ጭንቅላቱ ብቻ ይገዝፋል። ሁለቱም ገዢን ያሳስታሉ፤ ገበያ ላይ ሲታይም እምነት ያሳጣሉ።

የይዞታ ደብተር፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የትምህርት ማስረጃም እንዲሁ። ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ስልኩ ከበላዩ አግድም ይያዛል፤ አራቱም ጠርዞች ይታያሉ። ፍላሽ የታሸገ ወረቀት ላይ ስለሚያንጸባርቅ መጥፋት አለበት።

ፈቃድ እና ጥንቃቄ

በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ዕቃ አይደለም። ገበያ ላይ ያሉ እናትን፣ በሐዘን ላይ ያለን ሰው ወይም የሌላ ሰው ልጅን ከማንሳት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጂዶች እና በገዳማት ውስጥም የቦታውን ሥርዓት ጠብቆ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ፎቶም ያገኛል፤ የተነገረው ሰው ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዐይኑን ቀና አድርጎ ይጠብቀዋልና።

የተነሳው ፎቶም ካልተጠበቀ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። በመልዕክት መላኪያ መተግበሪያዎች ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ ለባለሙያ የሚሄደውን እንደ ፎቶ ሳይኾን እንደ ፋይል መላክ ይሻላል። የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ በሌላ ቦታም መቀመጥ አለበት፤ ቢታተም እና በጀርባው የሰዎቹ ስም፣ ቀኑና ቦታው ቢጻፍ የልጅ ልጅ ሳይቸገር ያውቀዋል።

በአንድ ጀበና መለማመድ

ቅንብር በንባብ ብቻ አይገባም። ለጀማሪ የሚበጀው ልምምድ ቀላል ነው፤ አንድ ጀበናን ወይም አንድ ዛፍን አስር ጊዜ በአስር መንገድ ማንሳት። አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከሥር፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ በቀትር፤ አንዴ በመሐል፣ አንዴ በሲሶ። ከዚያም አስሩን ጎን ለጎን አይቶ አንዱን መምረጥ፣ የተመረጠበትንም ምክንያት በአፍ መናገር። ምክንያቱን መናገር የቻለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከመጫኑ በፊት ያየዋል።

ያ አርሶ አደርም ወደ ማሳው ተመልሶ፣ በርከክ ብሎ፣ መዳፉን ከቅጠሉ ኋላ አድርጎ አንድ ፎቶ ቢልክ የባለሙያው መልስ "ደግመህ ላክልኝ" አይኾንም። የበሽታውን ስም እና መፍትሔውን የያዘ ይኾናል። የእናታቸውን ፎቶ የሚፈልጉ ልጆችም እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ በአንድ ጠዋት፣ ከበሩ አጠገብ አስቀምጠው በትክክላቸው ዝቅ ብለው አንድ ፎቶ ቢያነሱ፣ የኋላ ኋላ ከብዙ ሰው መካከል ቆርጠው አያወጧቸውም።